አስተያየቱ የት ደርሶ ይቀራል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «የምሠራው በአንድ ከተማ አስተዳደር የሕዝብ ተሳትፎ ክፍል ውስጥ ነው። በየሦስት ወሩ ነዋሪዎችን ጠርተን እናወያያለን። የአስተያየት ሳጥንም አለን። የሚመጡት ሁሌ ያው ሰዎች ናቸው፤ እነሱም እየቀነሱ ነው። ኃላፊዬ የሥራ ቦታ ኢትኖግራፊና ስፔኩላቲቭ ዲዛይን የሚባሉ ዘዴዎችን ተጠቅሜ ተሳትፎውን እንዳሻሽል ሦስት ወር ሰጥተውኛል። ለነዋሪው የሚበተን መጠይቅ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። መነሻዬ ትክክል ነው? ሁለቱ ዘዴዎችስ እንዴት ይገናኛሉ?»

መጠይቁን ለጊዜው ያቆዩት። ነዋሪው ለምን እንደማይመጣ ቢጠይቁት የሚመልስልዎትን ከአሁኑ ልነግርዎት እችላለሁ፤ «ብንናገርም ለውጥ የለም» ይልዎታል። እውነቱን ነው። ግን በዚህ መልስ ምን ሊሠሩ ይችላሉ? የተናገረው ነገር የት ላይ እንደተሰናከለ እሱ አያየውም። የሚታየው ከመስኮቱ ወዲህ ነው፣ እርስዎ በተቀመጡበት በኩል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያጠኑት የራስዎን ቢሮ ይሁን። እኔም በጀማሪነቴ ከነዋሪው ተነስቼ ብዙ ወር አባክኛለሁ፤ እርስዎ ያለዎት ሦስት ወር ብቻ ነው።

የሥራ ቦታ ኢትኖግራፊ ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው። ሰዎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ረጋ ብሎ፣ ለቀናት ማየት ነው። መመሪያው ሥራውን በአንድ መልክ ይጽፈዋል። ሠራተኛው ለአለቃው ሲያስረዳ ሌላ መልክ ይይዛል። እጁ ላይ ያለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። እኛ የምንፈልገው ሦስተኛውን ነው።

በሙያው ውስጥ ተደጋግሞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሉሲ ሳችማን የምትባል አንትሮፖሎጂስት በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ትሠራ ነበር። ኩባንያው «ለአጠቃቀም ቀላል» ያለው አዲስ ፎቶ ኮፒ ማሽን ተጠቃሚዎችን ያስቸግር ነበር። ሳችማን ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በማሽኑ ሲሠሩ በቪዲዮ ቀረጸች። ከተቀረጹት ውስጥ ስመ ጥር የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች ነበሩበት። እነሱም ወረቀት ፊትና ጀርባ ኮፒ ለማድረግ ሲታገሉ ታዩ። ከዚያ በኋላ «ተጠቃሚው ስላልገባው ነው» የሚለው ሰበብ አላስኬድ አለ። ማሽኑ የተሠራው ሰው እቅድ ይዞ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል ተብሎ ነው። ሰው ግን የሚሠራው ፊቱ ያለውን እያየ፣ እየሞከረ፣ አጠገቡ ያለውን እየጠየቀ ነው።

እዚያው ኩባንያ ውስጥ ጁሊያን ኦር የሚባል ሌላ አንትሮፖሎጂስት የጥገና ሠራተኞችን ተከትሎ ዞረ። አስቸጋሪ ብልሽት ሲገጥማቸው መፍትሔው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከመመሪያው ሳይሆን እርስ በርስ ከሚያወሩት ታሪክ መሆኑን አየ። «ባለፈው አንድ ማሽን እንዲህ ሲያደርግ…» ብሎ የሚጀመረው ወሬ ሥራው ራሱ ነበር። ከሩቅ ለሚያያቸው አለቃ ግን ጊዜ የሚያባክኑ ይመስሉ ነበር።

ይህ ከሕዝብ ተሳትፎ ጋር ምን አገናኘው? ማይክል ሊፕስኪ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሥራው አንድ ነገር አሳይቷል። ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ሠራተኛ ሰልፉ ረዝሞበት፣ ጊዜ አጥሮት በየደቂቃው የሚወስናት ትንሽ ውሳኔ ተደምራ ነው ፖሊሲ የምትሆነው። ከላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ ነዋሪው ዘንድ የሚደርሰው መስኮቱ ላይ የተወሰነው ነው። ተሳትፎም እንዲሁ ነው። ነዋሪው የተናገረውን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አለ። ከቃለ ጉባኤው ወደ ሪፖርት የሚያሳጥር አለ። ሪፖርቱን ወደ ሠንጠረዥ የሚገለብጥ አለ። በእያንዳንዱ እጅ ላይ የሆነ ነገር ይንጠባጠባል።

ያየሁትን ልንገርዎት። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ለሦስት ሳምንት ተቀምጬ ነበር። የአስተያየት ሳጥኑ የሚከፈተው ዓርብ ዓርብ ነው። ቁልፉ ያለው አንዲት አንጋፋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅ ነው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፋሉ፣ አንድ በአንድ ያነባሉ፣ ከዚያ ወደ ቅጽ ይገለብጣሉ። ቅጹ ሰባት ዓምድ አለው።

አንድ ዓርብ አንድ ወረቀት አነሱ። ከደብተር የተቀደደ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው መንገድ መብራቱ ከጠፋ አራት ወር ሆነው። ማታ የምትማር ልጄን በየቀኑ ወጥቼ እጠብቃታለሁ። እኔ ሳይመቸኝ ሲቀር እሷም ትቀራለች።» ሠራተኛዋ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ቅጹ ላይ «የመንገድ መብራት፣ 1» ብለው ጻፉ። ሌሎቹን ወረቀቶች ካርቶን ውስጥ ከተቱ። ይህችን ግን መሳቢያቸውን ከፍተው አስቀመጧት። መሳቢያው ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ ብዙ ወረቀቶች ነበሩ። ለምን እንደሚያስቀምጧቸው ጠየቅኋቸው። «ቅጹ ውስጥ አይገቡም። መጣሉ ደግሞ አልሆነልኝም» አሉኝ።

የሦስቱ ሳምንት ጥናት ፍሬ ያ መሳቢያ ነው። ልጅቷ ትምህርት እየቀረባት መሆኑን ያወቀ አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ ነበር። ቢሮው ግን አላወቀም። ሠራተኛዋ ቸልተኛ አልነበሩም። ቅጹ የተሠራው ለወርሃዊ ሪፖርት ነው። ወርሃዊ ሪፖርቱ የሚቆጥረው «የተዘጉ ቅሬታዎችን» ነው። አምፖል ይቆጠራል፣ ይዘጋል። የእናት ስጋት አይዘጋም። ሃሮልድ ጋርፊንክል የሚባል ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአንድ ክሊኒክ መዝገቦች ለምን ጎደሎ እንደሆኑ ሲያጠና ተመሳሳይ ነገር አግኝቶ ነበር። የተበላሸ የሚመስለው አያያዝ ለድርጅቱ የራሱ በቂ ምክንያት ነበረው። ይህን ሳያውቁ አዲስ ሶፍትዌር ቢገዙ፣ አዲሱ ሶፍትዌር ያንኑ ሰባት ዓምድ ይዞ ይመጣል።

የእርስዎን ጥናት እንዲህ ይጀምሩት። አንድ ነዋሪ ባለፈው ስብሰባ የተናገረውን አንድ ሐሳብ ይምረጡና እግር በእግር ይከተሉት። ማን ጻፈው? በምን ቃል? ወዴት ተላከ? ስንት ቀን የማን ጠረጴዛ ላይ ተኛ? የት ሲደርስ ስሙ ተቀየረ? ከአንድ በላይ ከቻሉ ሦስት ይከተሉ፤ አንድ የተሳካ፣ አንድ ውድቅ የሆነ፣ አንድ ደግሞ ደብዛው የጠፋ። ሠራተኛ ሲያነጋግሩ «እንዴት ነው የምትሠሩት?» አይበሉ፤ መመሪያውን ያነቡልዎታል። «ትናንት በመጨረሻ የሠሩትን እስቲ ያሳዩኝ» ይበሉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈችውን ብጣሽ ወረቀት፣ በእጅ የተሰመረችውን ተጨማሪ ዓምድ፣ የግል ማስታወሻ ደብተሩን ልብ ይበሉ። ሰው ከመመሪያው ውጭ ለራሱ የሠራው መሣሪያ ሁሉ መመሪያው የጎደለው የት ላይ እንደሆነ ይጠቁማል። ማስታወሻዎንም በዚያው ቀን ማታ ያጽዱት፤ ካደረ ይደበዝዛል።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ቀለል አድርገው እንዳያዩት። እርስዎ የዚያው ቢሮ ባልደረባ ነዎት። ሠራተኛው እንደ ሰላይ ሊያይዎት ይችላል፤ ቢያይዎትም አይፈረድበትም። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከኃላፊዎ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፦ ያዩት ነገር ለሥራ አፈጻጸም ምዘና አይውልም፣ የሰው ስም አይወጣም። ሠራተኞቹም ስለ እነሱ የጻፉትን አስቀድመው ያንብቡት። የመሳቢያዋ ባለቤት ወረቀት ከፋይል ውጭ ማስቀመጣቸው በመመሪያው ያስጠይቃቸው ነበር። እንዴት ልጻፈው ብዬ ስጠይቃቸው «አንዳንድ ክፍሎች ውስጥ በል» አሉኝ፤ እንደዚያው ጻፍኩ። ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ ይህንንም የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ስፔኩላቲቭ ዲዛይን የተለመደውን የዲዛይን ጥያቄ ያዞረዋል። የተለመደው ዲዛይነር «ይህን ችግር እንዴት ልፍታ?» ይላል። ይኼኛው «ነገሩ እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቅና ያ ዓለም ውስጥ የሚገኝ አንድ ዕቃ ሠርቶ እጅዎ ላይ ያስቀምጥልዎታል። አንተኒ ደንና ፊዮና ራቢ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ሲያስተምሩ ያሳደጉት አቅጣጫ ነው። ዕቃው ለሽያጭ አይደለም፤ ትንበያም አይደለም። ሰዎች «ይህን እንፈልጋለን ወይ?» ብለው እንዲከራከሩበት ነው።

ዕቃ መሆኑ ለምን አስፈለገ? ስለ ወደፊቱ በአፍ ስናወራ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቃል እንጠቀማለን፤ «ዘመናዊ፣ ግልጽ፣ ተጠያቂ» እያልን እንስማማለን። የተስማማነው ግን ቃሉ ላይ ነው። ዕቃ ሲመጣ ዝርዝሩ ይመጣል። ሱፐርፍለክስ የተባለው የለንደን ስቱዲዮ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ባለሥልጣናት ስለ ኃይል አማራጮች ሲሠራ፣ ወደፊት የሚመጣውን የተበከለ አየር ሠርቶ አሽትቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ስቱዋርት ካንዲና ጄክ ዱናጋን ሐዋይ ውስጥ ለአንድ ትልቅ የሕዝብ ምክክር አራት ክፍሎች አዘጋጁ። እያንዳንዱ ክፍል እ.ኤ.አ. 2050ን በተለያየ መልክ የሚያሳይ ነበር። የመጡት ሰዎች ገለጻ አልተሰጣቸውም፤ ክፍሉ ውስጥ ገብተው የዚያ ዘመን ነዋሪ ሆነው ቆዩ፣ ከዚያ ወጥተው ተወያዩ።

እንግዲህ ሁለቱ የሚገናኙት የት ላይ ነው? ለእኔ ምርጡ ምሳሌ ከእነዚህ የዲዛይን ሥራዎች ሁሉ የሚቀድም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የስካንዲኔቪያ ተመራማሪዎች ከኅትመት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ዩቶፒያ የሚባል ፕሮጀክት ሠሩ። ኮምፒውተር ጋዜጣ ማዘጋጃ ክፍሉን ሊወርር ነበር። ሠራተኛው በቴክኖሎጂው ላይ የራሱ ድምፅ እንዲኖረው ነው የፈለጉት። መጀመሪያ ሥራው በእጅ እንዴት እንደሚሠራ አጠኑ። ከዚያ በእንጨትና በካርቶን የኮምፒውተር ሞዴል ሠሩ። ከዕቃዎቹ አንዱ ባዶ የካርቶን ሳጥን ነበር፤ ላዩ ላይ «የጠረጴዛ ሌዘር ፕሪንተር» የሚል ተጽፎበታል። ውስጡ ምንም የለም። ሠራተኞቹ ግን አጠገቡ ቆመው የተለመደ ሥራቸውን እየሠሩ «ይህ እዚህ ከሆነ ማረሚያውን ማን ያያል? እኔ የት ልቁም?» ማለት ቻሉ። ሥራውን በደንብ የሚያውቅ እጅና ገና ያልመጣ ዕቃ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ኢትኖግራፊ ብቻውን ሲሆን ዛሬን በሚገባ ይነግርዎታል፤ ከዚያ ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስፔኩላቲቭ ዲዛይን ብቻውን ሲሆን ደግሞ የዲዛይነሩ የግል ሕልም ይሆናል። በዚህ በኩል ያለው ትችት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ብራዚላውያን ዲዛይነሮች በግልጽ ጽፈውታል፤ በሀብታም አገር አዳራሽ ውስጥ እንደ አስፈሪ ወደፊት የሚታየው የምግብ እጥረት ለብዙው የዓለም ሕዝብ የዛሬ ኑሮው ነው። ትችቱን እቀበላለሁ። ወደፊቱን ከራስዎ ጭንቅላት ብቻ አያምጡት፤ ከማስታወሻ ደብተርዎ ያምጡት። ካንዲና ኬሊ ኮርኔት በኋላ ለዚህ ሥርዓት አበጅተውለታል፦ ሰዎች በውስጣቸው የያዙትን ወደፊት መጀመሪያ ጠይቆ መመዝገብ፣ ማብዛት፣ በዕቃ ማሳየት፣ ሰው እንዲኖርበት ማድረግ፣ ከዚያ ምን እንዳሉ እንደገና መመዝገብ።

እኛ ከመሳቢያው ተነስተን የሠራነው ዕቃ ደረሰኝ ነበር። ተራ ደረሰኝ የምታክል ስስ ወረቀት ናት፤ ቀኑ ከዛሬ 10 ዓመት በኋላ ያለ ነው። እንዲህ ትላለች፦ «አስተያየትዎ ደርሶናል። ያነበበው፦ ………። የወሰነው፦ ………። ውሳኔ፦ አልተቀበልነውም። ምክንያት፦ በዚህ ዓመት በጀት ውስጥ የለም። እንደገና የሚታይበት ቀን፦ ………።» ቁጥርና የማህተም ቦታም አላት። «አልተቀበልነውም» ያልነው ሆን ብለን ነው። ጥሩ ዜና የያዘ ወረቀት ሁሉም ይወደዋል፤ ምንም አያስተምርም።

መጀመሪያ ለነዋሪዎች ሰጠናት። ይቆጣሉ ብዬ ሰግቼ ነበር። አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አውጥተው እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ አጠፏት፣ ኪሳቸው ከተቷት። «የሙከራ ናት እኮ» ስላቸው «ይሁን፣ ቢያንስ እምቢ ያለኝ ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ አላት» አሉ። አንዲት ወጣት ግን ምክንያት የሚለውን መስመር እያሳየችኝ «ይህማ ዛሬም የሚሉን ነው፤ በጀቱን ማን እንደደለደለው ጻፉልኝ» አለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቀጣዩ ቅጂ ላይ ሁለቱንም አስገባን።

ከዚያ ለሠራተኞቹ አቀረብናት። እዚህ ላይ ነገሩ ቆመ። «የወሰነው» የምትለዋን መስመር ማለፍ አልቻሉም። አንዱ «እኔ ልፈርም አልችልም» አለ። የክፍል ኃላፊውም «ገንዘቡ በእጄ አይደለም፣ እኔስ ምን ብዬ እፈርማለሁ?» አሉ። ታዲያ ማን ነው? እያሉ ወደ አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። በመጨረሻ የወጣው ነገር ይህ ነው፦ በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምክንያት ሰጥቶ እምቢ ማለት የማንም ሥራ አልነበረም። ስለዚህ ሐሳቡ ውድቅ ሲሆን አይነገርም፤ ዝም ይባላል። ነዋሪው ዝምታውን ንቀት ብሎ ይተረጉመዋል። ይህን በመጠይቅ አያገኙትም። ሦስት ሳምንት ተቀምጬ እኔም አላየሁትም ነበር፤ ያልተሠራ ሥራ በዓይን አይታይም። ያወጣችው ያቺ ባዶ መስመር ናት።

ከዚያ የተለወጠው ትንሽ ነው። ቅጹ «በነዋሪው አባባል» የሚል ስምንተኛ ዓምድ ተጨመረለት። የመልስ ፈራሚ በስም ተመደበ። የወሩ ስብሰባ የሚጀመረው ከደረሱት ወረቀቶች ሁለቱን እንዳሉ በማንበብ ሆነ። ሰው በአንድ ጊዜ አልጎረፈም። ነገር ግን መልስ ያገኙ ሰዎች መልሰው መጻፍ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ በቁጣ። በቁጣም ቢሆን የሚጽፍ ሰው መልስ ይጠብቃል።

እርስዎ ሲሠሩ አንድ ወደፊት ብቻ አይሥሩ፤ ሰው አንዱን ብቻ ካየ መፍትሔው ተወስኖ የመጣ ይመስለዋል። ከሚወደደው ጎን አንድ የሚያስፈራም ያስቀምጡ። ለምሳሌ ለነዋሪው የተላከ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ያስቡ፦ «ቀደም ሲል ከሰጧቸው አስተያየቶች በመነሳት የዚህ ሩብ ዓመት አስተያየትዎን ኮምፒውተር ሞልቶልዎታል። በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወሙ እንደራስዎ ቃል ይወሰዳል።» ቀልድ እንዳይመስል፤ እውነተኛ ማስታወቂያ መስሎ በጥሩ ወረቀት ይታተም። ሰዎች የቱ ላይ «ይሄማ አይሆንም!» እንደሚሉ በቃላቸው ይጻፉ። ተሳትፎ ሲባል እነሱ ምን ማለታቸው እንደሆነ እዚያ ላይ ይሰማሉ። ሲጨርሱ ግን ማስታወቂያው የተፈጠረ መሆኑን ለእያንዳንዱ ሰው ይንገሩ። የመንግሥት ማህተም የሚመስል ነገር ይዞ ሕዝብ ማደናገር ክልክል ነው፤ አንዴ ከተነቃብዎት ሁለተኛ አያምኑዎትም።

ደግሞ ይህ ሁሉ የይስሙላ ተሳትፎን ማሳመሪያ ሊሆን ይችላል። ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል ስላ ነበር። ሰው ጠርቶ አስተያየቱን መስማት መሀል ላይ ነው ያለው፤ የመወሰን ሥልጣን ካልተከተለው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከኃላፊዎ ከአሁኑ አንድ ነገር ይጠይቁ። ዕቃው በሚቀርብበት ቀን ቢያንስ አንድ በጀት ወይም አንድ ቅጽ የመቀየር ሥልጣን ያለው ሰው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ ተወካይ አይላክ። ይህን እምቢ ካሉ የዲዛይኑን ክፍል ይተዉትና የኢትኖግራፊውን ብቻ ይሥሩ። ሰው ስለ ወደፊቱ እንዲያልም አድርጎ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ካለመጥራት ይከፋል።

ጊዜውን በግምት እንዲህ ይከፋፍሉት። የመጀመሪያውን ሳምንት ለፈቃድና ለስምምነት። ከዚያ አራት ሳምንት ለክትትል፤ ይህን አያሳጥሩት። ሁለት ሳምንት ማስታወሻዎን ከሠራተኞቹ ጋር ለማንበብ፤ አብረዋችሁ ዕቃውን የሚያስቡትም እነሱ ናቸው። ዕቃውን ለመሥራት አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ካርቶን፣ መቀስና ፕሪንተር ካለ ሌላ ወጪ የለውም። የቀረውን ለማሳየት፣ ለማስተካከልና እንደገና ለማሳየት ያውሉት። ስብሰባዎ ላይ የማይመጡትን ለማግኘት ዕቃውን ወደ ስብሰባ አዳራሽ አይውሰዱት፤ ሰዎች ወረፋ ወደሚጠብቁበት መስኮት ይውሰዱት። እዚያ ጊዜ አላቸው፣ የሚናገሩትም ነገር አላቸው።

የአስተያየት ሳጥናችሁ መቼ እንደሚከፈትና ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ነገ ጠዋት ይጠይቁ። በሚቀጥለው ሲከፈት አጠገቡ ይሁኑ። ወረቀቶቹን አይንኩ፤ የሚከፍተው ሰው የትኛውን ሁለቴ እንደሚያነብ ብቻ ይመልከቱ።